«ስደተኛ ይብቃ» ብለው ያሸነፉት ለምን ሠራተኛ ይጠራሉ?

ጥያቄው ከባሕር ዳር ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ዓባይ ማዶ ባጃጅ እነዳለሁ። ዕድሜዬ 26 ነው። ጣልያን አገር ስደተኛ የማይወድ ተቃዋሚ ፓርቲ ምርጫ አሸንፎ መንግሥት ሆነ ሲባል ሰምቼ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አሁን ደግሞ አንድ ደላላ፣ ያው መንግሥት ግማሽ ሚሊዮን ሠራተኛ ሊያስገባ ነው፣ ‹ፍሉሲ› ተከፍቷል፣ 450 ሺህ ብር አምጣና ስምህን ላስገባልህ ይለኛል። ግማሹን በቅድሚያ ነው የሚፈልገው። ባጃጇን ልሸጥ ነው። የቱ ነው እውነቱ? ስደተኛ ይጠላሉ ወይስ ይፈልጋሉ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነት ነው። ግን እንዲህ ብዬ አልተውህም። ደላላው የገባው በእነዚህ በሁለቱ እውነቶች መካከል ባለችው ክፍተት ነውና። እኔ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት የውጭ አገር የሥራ ስምሪት ጉዳይ ላይ ሠርቻለሁ። ከጣና ማዶ በጀልባ ከመጣ ገበሬ እስከ መምህር ድረስ ብዙ ሰው ወረቀት ይዞ ቢሮዬ ገብቷል። ከምርጫው ልነሳና ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የሰማኸው ምርጫ የተካሄደው መስከረም 25 ቀን 2022 ነው። በእኛ መስከረም 15 ቀን 2015 መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ጣልያንን ይመራ የነበረው የማሪዮ ድራጊ ጥምር መንግሥት ነበር። ከትልልቆቹ ፓርቲዎች ውስጥ ጥምረቱን አልገባም ብሎ በተቃዋሚነት የቀረው የጆርጂያ ሜሎኒ ፓርቲ ብቻ ነበር። ስሙ «ፍራቴሊ ዲታሊያ» ይባላል፤ የጣልያን ወንድሞች ማለት ነው። ይህ ፓርቲ በ2018 ምርጫ ያገኘው 4 በመቶ ገደማ ድምፅ ነበር። በ2022 ወደ 26 በመቶ ወጣ። ኑሮ የከበደው፣ የመብራትና የጋዝ ሒሳብ ያንገፈገፈው ሰው መንግሥት ውስጥ እጁን ያላስገባውን ፓርቲ መረጠ። ሜሎኒ ከማቴዮ ሳልቪኒና ከሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ ፓርቲዎች ጋር ሆነው ጥቅምት 22 ቀን 2022 ሥልጣን ያዙ። የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው።

በዘመቻው ጊዜ ስለ ስደተኛ የተባለው ከባድ ነበር። ከሰሜን አፍሪካ የሚነሱ ጀልባዎችን በባሕር ኃይል እንዘጋለን ተባለ። አንተም ተስፋ የቆረጥከው ይህን ሰምተህ ነው። አልተሳሳትክም፤ በጀልባ ለሚመጣው ሰው ነገሩ በእውነት ጠንክሯል።

አሁን አንድ ቀን ላሳይህ። የካቲት 26 ቀን 2023 ከቱርክ የተነሳች ጀልባ በደቡብ ጣልያን፣ ኩትሮ የምትባል ከተማ አጠገብ ባሕሩ ዳር ላይ ተሰባበረች። ቢያንስ 94 ሰው ሞተ። ሕፃናትም ነበሩበት። ባሕሩ ዳር ላይ! ዳርቻው እየታያቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ መጋቢት 9 ቀን፣ የሜሎኒ ካቢኔ እዚያው ኩትሮ ሄዶ ተሰበሰበና አንድ አዋጅ አወጣ። ሰው የሞተበት የሕገወጥ ዝውውር ወንጀል እስከ 30 ዓመት እስር እንዲያስቀጣ ተደረገ። በዚያው አዋጅ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ከውጭ በሕጋዊ መንገድ የሚገባ ሠራተኛ ቁጥር ከእንግዲህ የሚወሰነው ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለሦስት ዓመት ነው ይላል።

ልብ በል። ያው መንግሥት፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት አንዱን በር በቁልፍ ዘጋ፣ ሌላውን ገርበብ አደረገ። ዜና የሆነው የመጀመሪያው ነው። ደላላው አንተ ዘንድ ይዞት የመጣው ሁለተኛውን ነው።

ቁጥሩ ይኸውልህ። ደላላህ «ፍሉሲ» የሚለው ይህንኑ የሕጋዊ ሠራተኛ ኮታ ነው። በመስከረም 2023 የወጣው ውሳኔ ለ2023፣ ለ2024 እና ለ2025 በድምሩ 452,000 የሥራ ፈቃድ ይሰጣል አለ። 136,000፣ ከዚያ 151,000፣ ከዚያ 165,000። መንግሥቱ ራሱ ያስፈልጋል ብሎ ያሰላው 833,000 ነበር፤ የፈቀደው ከዚያ ግማሹን ትንሽ አለፍ የሚል ነው። ቀጥሎ በ2025 አጋማሽ ላይ ለ2026 እስከ 2028 ሌላ 497,550 ጸደቀ። የደላላህ «ግማሽ ሚሊዮን» ይህ ነው፤ ከኪሱ አላወጣውም። ኢትዮጵያም በ2023ቱ ውሳኔ ሠራተኛ ሊመጣባቸው ይችላል ተብለው ከተዘረዘሩት አገሮች አንዷ ናት። ይህም እውነት ነው።

ለምን? ለሚለው ጥያቄ ሮም መሄድ አያስፈልግህም። መተማ ሰሊጥ ሄደህ ታውቃለህ? አንተ ባትሄድ የሰፈርህ ልጅ ሄዷል። ሰሊጥ ሲደርስ ቀጠሮ አይሰጥም። ሦስት አራት ቀን ካለፈው ይደርቅና ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል። ባለ እርሻው ያን ጊዜ ከጎጃም ይምጣ ከጎንደር፣ ማጭድ የያዘ እጅ ነው የሚፈልገው። በየመንገዱ ወጥቶ መኪና እያስቆመ ሰው ይለምናል። አጨዳው ሲያልቅ ደግሞ ያው ሰው የት አደርክ፣ ምን በላህ የሚለው የለም። በደቡብ ጣልያን ያለችው የፑልያ ክልል ቲማቲምም እንደዚሁ ነው። በበጋው ሐሩር ይቀላል፣ ካልተለቀመ ይበሰብሳል። ጣልያኑ ወጣት አይለቅምም። የገበሬዎቹ ማኅበር ኮልዲረቲ የቀኝ መንግሥቱ ወዳጅ ነው፤ ግን ሠራተኛ አምጡልን እያለ የሚወተውተውም እሱ ነው። ከጠቅላላው የእርሻ ሥራ ሲሶ ገደማውን የሚሠራው የውጭ ዜጋ ነውና።

ሌላው እርጅና ነው። በጣልያን በ2023 የተወለዱት ሕፃናት 380 ሺህ እንኳ አልሞሉም። አገሩ 59 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አለው። ከአራት ሰው አንዱ ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው 65 ዓመት ያለፈው። እነዚህን አረጋውያን ማን ያጥባል? ማን ያጎርሳል? «ባዳንቴ» ይሏታል፣ አረጋዊ የምትንከባከብ ሠራተኛ ማለት ነው። በሕግ ተመዝግበው በየቤቱ ከሚሠሩት ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች ውስጥ ከአሥሩ ሰባቱ ያህል የውጭ ዜጎች ናቸው። የእኛና የኤርትራ እናቶች ከሃምሳ ዓመት በፊት ጀምረው ሮም ቤት ውስጥ ሠርተዋል። የብዙ ሰው ትምህርት ቤት ክፍያ የተከፈለው በእነዚያ ሴቶች ጉልበት ነው። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

እንግዲህ የቀኝ ፓርቲ መራጭ ሆነህ አስብ። ስደተኛ አትወድም። እናትህ ግን 86 ዓመቷ ነው፣ ከአልጋ አትነሳም። መንግሥቱ የሁለቱንም ፍላጎት ሊሞላልህ ይሞክራል። ለዚህ ነው በ2024 መጨረሻ ዕድሜያቸው ከ80 በላይ የሆኑ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ለሚንከባከቡ 10,000 ተጨማሪ ቦታ ለ2025 ከኮታ ውጭ የፈቀዱት።

ክርክሩ ግን አልበረደም። ዛሬ በተቃዋሚነት ያሉት የግራ ፓርቲዎች ጠባቸው በዋናነት በ2002 ከወጣው «ቦሲ-ፊኒ» ከሚባለው ሕግ ጋር ነው። ይህ ሕግ የመኖሪያ ፈቃድን ከሥራ ውል ጋር ያስራል። ውልህ ከተቋረጠ ፈቃድህም አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በደል ሲደርስበት አፉን ይዘጋል። ዝም ማለቱ ደግሞ ለክፉ አሠሪ ይመቻል። በሰኔ 2024 ከሮም በስተደቡብ ላቲና አካባቢ አንድ ህንዳዊ የእርሻ ሠራተኛ ክንዱን ማሽን ቆረጠው። ወደ ሆስፒታል በመወሰድ ፈንታ ከቤቱ ደጃፍ ተጥሎ ተገኘ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ሕጋዊ የሥራ ውል አልነበረውም። አገሩ ተነቃነቀ፣ ሰልፍ ወጣ። በሰኔ 2025 ደግሞ ዜግነት ለመጠየቅ የሚያስፈልገውን የ10 ዓመት ኑሮ ወደ 5 ለማውረድ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ሰው 30 በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበር ወደቀ። ሕጉ እንዲጸና ከግማሽ በላይ መራጭ መውጣት ነበረበት።

እኔን ጠይቀኸኛልና ሐሳቤን ልንገርህ። በሩ መከፈቱ ጥሩ ነው። የተከፈተበት መንገድ ግን ሠራተኛውን ለአሠሪውና ለደላላው አሳልፎ የሰጠ ነው። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም፤ ያየሁትን ነው።

ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ። የአሠራሩን ቅደም ተከተል በደንብ አንብበው።

ፍሉሲ እንደ ዲቪ አይደለም። አንተ ስምህን የምታስገባበት ቦታ የለም። አመልካቹ ጣልያን ውስጥ ያለው አሠሪ ነው። መጀመሪያ አሠሪው በአካባቢው ያለውን የሥራ ማገናኛ ቢሮ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው እዚህ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከሌለ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የኦንላይን ሥርዓት ላይ የአንተን ስም፣ ፓስፖርት፣ ደመወዝህንና የምታድርበትን ቤት ጭምር ይሞላል። ከዚያ «ክሊክ ዴይ» የሚሉት ቀን አለ። ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ጥርና የካቲት ውስጥ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ሁሉም በአንዴ ይልካል፣ ቀድሞ የገባ ይቀድማል። ለአንዳንዱ የሥራ ዘርፍ ኮታው በደቂቃዎች ያልቃል። ካለፈ «ኑላ ኦስታ» የሚባል ፈቃድ ይወጣል፤ ተቃውሞ የለንም ማለት ነው። በእሱ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ቪዛ ትጠይቃለህ፣ አሻራ ትሰጣለህ። ጣልያን ከገባህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአሠሪው ጋር ውል ትፈርማለህ። «ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖ» የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የወቅት ሥራ ከሆነ ከ9 ወር አያልፍም።

ወጪውን ደግሞ እይ። አሠሪው ለማመልከቻው የሚከፍለው የ16 ዩሮ የቴምብር ቀረጥ ነው። አንተ ኤምባሲ የምትከፍለው የቪዛ ክፍያ አለ፣ 116 ዩሮ። ቲኬት ትጨምራለህ። እስቲ 450 ሺህ ብር የቱ ጋ እንደሚገባ አንተው ፈልግ።

ይህን ማጭበርበር ጣልያኖቹም ያውቁታል። ሜሎኒ ራሳቸው በሰኔ 2024 ጉዳዩን ለማፊያ ጉዳይ ዋና ዐቃቤ ሕግ አቅርበዋል። ያቀረቡት ማስረጃ የሚገርም ነው። ለወቅታዊ ሥራ ከቀረቡት 282,000 ማመልከቻዎች 157,000ዎቹ የመጡት ካምፓኒያ ከምትባል አንዲት ክልል ነበር። ፑልያ በእርሻ ድርጅት ብዛት የካምፓኒያን እጥፍ ናት፤ ከእሷ የመጣው 20,000 ብቻ። ፈቃድ አግኝቶ ከገባው ውስጥም በስተመጨረሻ የሥራ ውል የፈረመው በጣም ጥቂት ነው። አንድ ሰው ለመግባት እስከ 15 ሺህ ዩሮ እንደሚከፍልም እሳቸው ተናግረዋል። ይህ ምን ማለት ነው? ብዙው «አሠሪ» ሥራ አልነበረውም። ስሙን ነው የሸጠው። ከዚያ በኋላ ቁጥጥሩ ጠበቀ፤ አንድ ግለሰብ አሠሪ የሚያስገባው ማመልከቻ በሦስት ተወሰነ።

ጣልያን ድረስ ገብቶ አሠሪውን ያጣ ሰው ምን ይሆናል መሰለህ? ውል የለም፣ ፈቃድ የለም። በአውሮፕላን፣ ቪዛ ተመቶለት የገባ ሰው በጀልባ ከገባው ጋር እኩል ወረቀት አልባ ሆኖ ይቀራል። ያ «ስደተኛ ይብቃ» የሚለው ፖለቲካ ሰውየውን የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። አሳዳጁም እሱ፣ ጠሪውም እሱ።

ባለፈው ዓመት የሆነ ነገር ላጫውትህ። አንዲት እናት ከዘጌ መጡ። ነጠላቸውን አጣጥፈው፣ ከውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ልጃቸው ከፍሏል፣ የቡና መሬቱን አስይዞ ተበድሮ። «ይኼ ኑላ ኦስታ ነው ብለውናል፣ እስቲ እይልኝ ልጄ» አሉኝ። ወረቀቱ ያምራል። ማኅተም አለው፣ የጣልያን ኮከብ አለበት። ከሳምንት በፊት ደግሞ አንድ ሌላ ልጅ፣ ከሽምብጥ፣ ተመሳሳይ ወረቀት አምጥቶልኝ ኮፒ አስቀርቼ ነበር። መሳቢያዬን ከፈትኩና ጎን ለጎን አደረግኋቸው። የመዝገብ ቁጥራቸው አንድ ነው። እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ! ስሙና ፎቶው ብቻ ነው የተቀየረው። አንዱ ወረቀት ላይ የልጁ የትውልድ ዘመን በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው፤ ፓስፖርቱ ላይ ግን በፈረንጅ ነው። የጣልያን ቢሮ የእኛን አቆጣጠር ከየት ያመጣዋል? እሳቸው አልገባቸውም። ፊቴን ነው ያዩት። ከዚያ ወረቀቱን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ አስገቡት፣ እንደ ውድ ዕቃ አጥፈው። ያቺን አስተጣጠፍ እስካሁን አልረሳኋትም።

ስለ እኛ ሕግም አጭር ነገር ልበልህ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 እና ማሻሻያው 1246/2013 አሉ፤ የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። በአዋጁ ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የሚልከውም አገራችን የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳላት አገር ነው። ኤጀንሲው ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። አንተ የምትሸፍነው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የመሳሰለውን ወጪ ነው። ቡና ቤት ተቀምጦ ስም የሚመዘግብ ደላላ በየትኛውም አንቀጽ ውስጥ የለም። እንዲያውም ሰው አታሎ ገንዘብ መውሰዱ በአዋጅ 1178/2012 ሊያስከስሰው ይችላል።

አንዳንድ ደላላ ደግሞ «በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው» ይላል። እሱም ሥሩ ከእውነት ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ጣልያን የሚሄድ የሰብአዊ ኮሪደር ፕሮግራም ከ2017 ጀምሮ አለ። ሳንት ኤጂዲዮ የተባለው ማኅበርና የጣልያን ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ናቸው የጀመሩት። ያ ግን እዚህ በስደት ላሉ፣ ከሌላ አገር ለመጡ ተጋላጭ ሰዎች ነው። ሥራ ፈላጊን አይመለከትም፤ ክፍያም የለውም።

እንግዲህ ተስፋ ቁረጥ እያልኩህ አይደለም። ሰው በዚህ መንገድ በሕጋዊነት ገብቶ ሠርቶ ቤተሰብ ያስተዳደረ አለ። ግን የገባው ከዚያ በኩል የሚያውቀው፣ በስልክ ያናገረው፣ ሥራው በእርግጥ ያለ አሠሪ ስለነበረው ነው። ዘመድ የሚሠራበት ቤት አሮጊቷን የሚያግዝ ሰው ሲፈልግ፣ ወይም ጓደኛ የሚሠራበት እርሻ ሰው ሲጎድለው ማለት ነው። መንገዱ ይኸው ነው፣ ጠባብ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካለህ ከአሁኑ ተነጋገር። ክሊክ ዴይ ሲደርስ ሳይሆን ከወራት በፊት ነው ቅጹ የሚሞላው። እስከዚያ ቋንቋ ተማር። ጣልያንኛ የሚናገርን ሰው አሠሪው ራሱ ይፈልገዋል፤ ውሉንም ሳያነብ አይፈርምም።

ነገ ደላላውን ስታገኘው እነዚህን ጠይቀው። የአሠሪው ሙሉ ስም ማነው? የድርጅቱ የግብር መለያ ቁጥር ስንት ነው? የትኛው አውራጃ ቢሮ ነው ማመልከቻውን የተቀበለው? ሥራው ምንድነው፣ ደመወዙስ? ከአሠሪው ጋር በቪዲዮ አገናኘኝ በለው። «እሱ ሚስጥር ነው» ወይም «መጀመሪያ ቅድሚያውን» ካለህ መልሱን አግኝተሃል። ወረቀት ከሰጠህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የፓስፖርት ቁጥርህን ሸፍነው። መሳቢያዬ ውስጥ ካሉት ጋር አስተያየዋለሁ። እስከዚያ ባጃጇን እንዳትሸጣት።